የሰው ቤት ትዝታ

ሁለት የደሴ ልጆች ባልታሰበ ቦታ ከተገናኙ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትመጣው ጥያቄ «የት ሰፈር?» የምትል ናት። ሸዋ በር፣ አራዳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሆጤ፣ አረብ ገንዳ… መልሱ እንደተሰማ ጨዋታው መስመሩን ይይዛል። «ጥጉ ላይ ዳቦ ቤት ነበር አይደል?» ይላል አንዱ። «ነበር እንጂ! ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ልብስ ሰፊው፣ ከልብስ ሰፊው ጎን የአረቡ ሱቅ!» ይቀበላል ሌላው። ከዚያ በኋላ የመጡበት ጉዳይ ይረሳል፤ የተቀዳው ቡና ይቀዘቅዛል፤ አብሯቸው የመጣ የሌላ አገር ሰው ካለም ጥግ ይዞ ስልኩን መነካካት ይጀምራል።

የእኛ መንደር ልጆች ዛሬ የምንገናኘው በአብዛኛው በሠርግና በለቅሶ ነው። ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ኮምቦልቻ፣ ከፊሉ ባሕር ማዶ ነው፤ ደሴ የቀረው ጥቂት ነው። በቅርቡ አንዲት የመንደራችን እናት አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ አርፈው ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ ማታ ሰው ሳሳ ሲል ጨዋታው እንደ ልማዱ ወደ መንገዳችን ዞረ። ክርክሩ ሲበዛ ከመካከላችን አንዱ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር ከግድግዳው ላይ አወረደ፤ ገልብጦም ከፒያሳ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ በሁለት መስመር አሰመረው። «በሉ፣ ቤቶቹን አስገቡ» አለን።

ያን ማታ የገረመኝ ማንም የራሱን ቤት ቀድሞ አለማስገባቱ ነው። የሐጂን ሰፊ ግቢ ያስቀመጠችው የቄሱ ልጅ ናት፤ በሩ ወደየት እንደሚከፈት፣ ጉድጓዱ በየት በኩል እንደነበረ፣ ሐጂ ሲሰግዱ የሚያነጥፉት ስጋጃ ቀለሙ ምን እንደነበረ ሳይቀር ታውቃለች። የቄሱን ቤት ከነኮክ ዛፉ የሣለው ደግሞ የሐጂ የልጅ ልጅ ነው፤ ኮኩን ሳይበስል የሚጨርሰው እሱ ስለነበረ እንዴት ይረሳዋል? ለእኔ ቀድሞ የመጣልኝ የልብስ ሰፊው ቤት ነው፤ የሲንጀሩ ድምፅ፣ ከእግሩ ሥር የሚቀመጠው ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጠራቀምበት ከረጢት። የጨርቅ ኳሳችን ሁሉ ከዚያ ከረጢት የወጣ ነበር። የየራሳችን ቤቶች የገቡት መጨረሻ ላይ፣ በቀረው ክፍት ቦታ ነው።

ሳስበው፣ የመንደር ትዝታ የምንለው ነገር አብዛኛው የሰው ቤት ትዝታ ይመስለኛል። ልጅ በራሱ ቤት ታዛዥ ነው፤ ይላካል፣ ይገሠጻል፣ እግርህን ታጠብ ይባላል። ጎረቤት ቤት ሲገባ ግን እንግዳ ነው፤ ዳቦ ይቆረስለታል፤ «አንተ ልጅ፣ ምሳ በልተሃል?» ይባላል። ልብ ብሎ የሚያየው፣ የሚያሸተው፣ የሚሰማው እዚያ ነው። የድሮው መንገዳችን እንዲህ የሚጣፍጠን የእያንዳንዳችን እግር የሌላውን ደፍ ስለለመደ ነው።

የአገሩ አቀማመጥም ለዚህ አመቺ ነበር። ደሴ ሜዳ አልተሰጣትም። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ግራና ቀኝ ይዘዋታል፤ በመሃል ቦርከና ይወርዳል። ወደ ጎን መስፋት ያልቻለች ከተማ በርዝመት ተዘረጋች፤ በየዳገቱም የአንዱ ጓሮ ከሌላው ጣሪያ በላይ ሆነ። ከላይኛው ቤት ሆኖ የታችኛውን ግቢ አለማየት አይቻልም፤ ታች የተቆላ ቡና ላይ ይሸታል፣ ላይ የተነሣ ጠብ ታች ይሰማል። ከባሕር ጠለል ከ2400 ሜትር በላይ በመሆኗ ብርዱና ጉሙ የታወቀ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሞላው እናቶቻችን የሚጠሩን በስማችን እየጮኹ ነበር፤ ማን ልጁን እንደጠራ፣ ማንስ እንዳልመጣ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል።

የከተማዋን አመሠራረት ሽማግሌዎቹ ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር አያይዘው ይተርካሉ፤ የወሎ መናገሻ አድርገው ያደራጇት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። በእሳቸው ዘመን የታነጸው አይጠየፍ አዳራሽ ለእኛ ለልጆቹ ከታሪክ ይልቅ የጥላ ቦታ፣ የድብብቆሽ ግድግዳ ነበር። ንጉሡ መሐመድ ዓሊ ተብለው አድገው፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሡ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ ሃይማኖት በዐዋጅ የተቀየረበት፣ ብዙ ሰው የተንገላታበት ወቅት እንደነበር አያቶቻችን አይደብቁም። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ ግፊያ በኋላ በወሎ ቤቶች የቀረው ነገር ሌላ ነው፤ የእናቱ ወገን ሲሰግድ የአባቱ ወገን የሚያስቀድስ፣ በስሙ ላይ ሁለቱንም ሃይማኖት የተሸከመ ሰው በየመንደሩ አለ። በእኛ መንገድ ላይ «እነሱ» እና «እኛ» ለማለት የሚሞክር ሰው ቆም ብሎ አክስቶቹን መቁጠር ነበረበት።

ፒያሳ ላይ ጣሊያን የሠራቸው ቤቶች ነበሩ፤ ስለ ጣሊያን የሰማነው ግን መጀመሪያ ከቦምቡ በኩል ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ ከመትረየሱ ጋር የተነሡት ፎቶግራፍ ዓለምን የዞረ ነው። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል። ይህን ከመጽሐፍ ከማንበባችን በፊት የነገሩን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ይኖሩ የነበሩት አሮጊት ናቸው። ወሬያቸውን ሲጨርሱ ከሼህ ሁሴን ጅብሪል የትንቢት ግጥም አንዱን ጣል አድርገው፣ «ይኸም ተነግሮ ነበር» ይሉናል። እኛም ጨለማው ገና ሳይመጣ ፈርተን እየሮጥን ወደ ቤታችን እንገባለን።

መንገዳችን በዓመት ውስጥ የሁለት ሃይማኖት በዓል ያከብር ነበር። በረመዳን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እኛ የክርስቲያን ልጆች በሐጂ ደጅ አካባቢ ሥራ እናጣለን። አዛን እንደተሰማ ቴምሩ ይዞራል፤ ሾርባው ይቀዳል፤ ሳንቡሳው ከድስቱ ትኩስ ትኩሱን ይወጣል። «እናንተ ሳትጾሙ ታፈጥራላችሁ» ብለው የሐጂ ባለቤት እትዬ ይስቁብናል እንጂ የእኛ ድርሻ ቀርቶ አያውቅም። ለፋሲካና ለገና ደግሞ ድፎ ዳቦው የሚቆረሰው የሐጂ የልጅ ልጆች ሲመጡ ነው። በፍልሰታ የእኛ እናቶች ሲጾሙ፣ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቅቤ ያለበትን ወጥ ለልጆቻቸው ደጅ ላይ አያቀርቡም ነበር፤ «ጿሚ ጎረቤት አለ» ይባላል።

ሥጋ ላይ ብቻ ድንበር ነበር፤ ድንበሩንም ማንም አልደፈረውም። በሠርግ ጊዜ ሁለት ወጥ ቤት ይጣላል። የክርስቲያን ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በጎች ከነነፍሳቸው ለጎረቤቱ ያስረክባል፤ አራጁ ከነቢላዋው፣ ወጥ ሠሪዎቹ ከነድስታቸው ይመጣሉ። የሙስሊም ሠርግ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። የእናቴና የእትዬ ድስቶች አንድ ዓይነት ስለነበሩ እንዳይቀያየሩ የእትዬ ድስቶች ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር ይታሰር ነበር። ክሩን የማሰር ሥራ የእኔ ነበር። አንድ ጊዜ ክሩ እሳት ነክቶት ተበጠሰና ሁለቱ እናቶች ቆመው ተያዩ፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ። «እንግዲህ ይኸ ድስት የሽሮ ሆነ» አሉ እትዬ። ያ ድስት እስከ መጨረሻው ሽሮ ብቻ ሲሠራበት፣ ከቤት ቤት ሲዋዋሱት ኖረ። ከየትኛውም የመቻቻል ስብከት ይልቅ ያ የሽሮ ድስት ብዙ አስተምሮኛል፤ ልዩነቱን ማንም አልካደውም፣ ማንም ግን አላኮረፈበትም።

ቡና በተራ ይፈላል። ዛሬ እነማን ቤት እንደሆነ ሴቶቹ ያውቁታል፤ ልጅ ግን መላኩ አይቀርም። «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» እያልን ከላይ እስከ ታች በሩን ሁሉ እናንኳኳለን። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪጠጣ ወሬው ከገበያ ዋጋ እስከ ልጃገረዶች እጮኛ ይደርሳል። ከበረካው በኋላ ትልቋ እናት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ለታመመው፣ ለመንገደኛው፣ ለዝናቡ። «አሚን» የሚለው ድምፅ መስቀል ካንጠለጠለችውም፣ ሻሽ ከተከናነበችውም እኩል ይወጣል። የባሰ ጭንቅ ሲመጣ ደግሞ ወዳጃ ይጠራል፤ ሰው ይሰበሰባል፣ ይለመናል፣ አብሮ ይበላል። ሐዘን የወደቀበትን ሰው «አብሽር፣ ጀሊሉ ያውቃል» ማለት ከሙስሊሙ ጎረቤት ወደ ክርስቲያኑ ምላስ ተሻግሮ የመንደሩ ሁሉ ቋንቋ ሆኖ ነበር።

አዲስ አበባ እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የእኛ ቅሬ የመንገዱን ሰው በሙሉ ያቀፈ ነበር። የቅሬው ዳኛ ሞት ሲያስለፍፉ የሟቹን ሃይማኖት አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ማን ቃሬዛ እንደሚይዝ፣ ማን ጉድጓድ ለመቆፈር እንደሚሄድ ነው። ጀናዛ ሲሆን ክርስቲያኖቹ ተሸክመው እስከ መቃብሩ ይሸኛሉ፤ ቀብሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ሙስሊሞቹ ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ተመልሰውም ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የቀረ ሰው ይቀጣል። ቅጣቱ ገንዘብ ቢሆንም የሚያስፈራው ገንዘቡ ሳይሆን ስም በስብሰባ መነሣቱ ነው።

እኛ ወንዶቹ ለዳገቱ የራሳችን ጥቅም ነበረን፤ የኩሽኔታ ጋሪ። አሠራሩን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ሁለት ጣውላ፣ ከፊት መሪ የሚሆን አንድ አግዳሚ እንጨት፣ ከየጋራዡ ለምነን ያገኘነው አሮጌ ኩሽኔታ፣ መሪውን የሚስብ ገመድ፣ ለፍሬን ከኋላ የተቸነከረ የበረባሶ ቁራጭ። ትልልቁ ኩሽኔታ ከአሰብ ከሚመላለሱ የጭነት መኪናዎች የወጣ ነውና ያን ያገኘ ልጅ በሰፈሩ ይከበራል። ከላይ ተነሥተን ቁልቁል ስንለቀው አስፋልቱ ይጮኻል፤ አሮጊቶች ይራገማሉ፤ ዶሮ ይበተናል፤ ከታች መታጠፊያው ላይ ወይ ትይዛለህ ወይ ቦይ ውስጥ ትገባለህ። የጉልበቴ ጠባሳ ከዚያ ቦይ ያገኘሁት ነው። እናቴ በጭቃ ተለውሼ ስገባ እንዳትመታኝ መጀመሪያ ያጠቡኝ እትዬ ናቸው፤ ካጠቡኝ በኋላ ግን ራሳቸው ጥፊ አቀመሱኝ።

ያን ማታ ይህን ስናወራ የቄሱ ልጅ ጣልቃ ገባች። «እናንተ ኩሽኔታ ስትነዱ እኛ የት ነበርን? ወረፋ ላይ!» አለች። እውነቷን ነው። በየቤቱ ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ውሃ የሚቀዳው ከቦኖ ነው፤ ውሃውም ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። ጀሪካን በማታ ይሰለፋል፤ ወረፋው እንዳይበላ ልጃገረዶቹ ተራ እየገቡ ያድራሉ፤ ሞልተው ተሸክመውም ዳገቱን ይወጡታል። በካርታው ላይ እኛ ቦኖውን ረስተነው ነበር፤ ያስገቡት ሴቶቹ ናቸው። ከማን ደጅ ፊት እንደነበረ ግን ተከራክረው አልተስማሙም። «ያረጀሁት እዚያ ወረፋ ላይ ነው» ያለችውም፣ «ልብ ወለድ ተቀባብለን ያነበብነው እዚያ ወረፋ ላይ ነው» ያለችውም አንዲት ሴት ናት።

መንገዳችን ጠዋት ጠዋት የወይዘሮ ስሂን ተማሪዎች መተላለፊያ ነበር። ትምህርት ቤቱ የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ነው፤ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ለተማሪው ንቅናቄ ዋለልኝ መኮንንን የመሰሉ ልጆች አፍርቷል። አንድ ልጅ ወይዘሮ ስሂን ሲገባ ደስታው የቤተሰቡ ብቻ አይሆንም፤ ደብተር የሚገዛው አንዱ ጎረቤት፣ ካልሲ የሚሰጠው ሌላው ነው። ሲወድቅም ቁጣው ከየደጁ ነው። ማታ ላይ ሬዲዮ ያለው ቤት መስኮቱን ይከፍታል፤ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ ትዝታው ወደ መንገዱ ይወጣል። ማሪቱ ለገሠ የወጣችበት የላሊበላ ኪነት ደሴ ነበርና፣ ከዘፋኞቹ አንዱ በመንገዳችን ካለፈ ለሳምንት ወሬ ይበቃን ነበር።

ከዚህ ሁሉ ደጋ በታች ደግሞ ኮምቦልቻ ነበረች። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ አየሩ ይቀየራል። ከደሴ በጋቢና በሹራብ ተጠቅልለን ሎንችና እንሳፈራለን፤ ጠመዝማዛው ላይ ሹራቡ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል፣ የማያስመልሰው ልጅ እንኳ ያስመልሰዋል፤ 600 ሜትር ገደማ ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ በሸሚዝ ነን። ከመንገዳችን ሰዎች ብዙዎቹ በደርግ ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲቋቋም እዚያ ሥራ ይዘው ወረዱ። ቤተሰብ በሁለት ከተማ ተከፈለ፤ አባት በፈረቃ ኮምቦልቻ፣ እናትና ልጆች ደሴ። ክረምት ላይ ብርዱ የጠናበት ልጅ ወደ ቆላ ዘመዶቹ ይላካል፤ በመስከረም ደግሞ እናቶች ወባውን ፈርተው ያስመልሱታል።

የኮምቦልቻ ልጆች ትዝታ ከእኛ ይለያል። እነሱ ዘንድ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ኩሽኔታ ሳይሆን ብስክሌትና የፈረስ ጋሪ ነው የሚነግሩህ። ከሁሉ በላይ የሚነግሩህ ግን የአሰብን መንገድ ነው። ከወደቡ በባቲ በኩል የሚመጣው ኤንትሬ ፊያት፣ ቦቴው፣ ተሳቢው ኮምቦልቻ ላይ ያድራል። ሾፌሮቹ፣ ረዳቶቹ፣ ጎማ ጠጋኞቹ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይዘጉት ምግብ ቤቶች… የከተማዋ ልብ የሚመታው በዚያ መንገድ ነበር። በተራራው ሲንፏቀቅ የሚያድረው መኪና ድምፅ እኛም አልጋችን ላይ ሆነን ይሰማን ነበር፤ አባቱ ሾፌር የሆነ ልጅ የሞተሩን ድምፅ ከሌላው ለይቶ «አባቴ መጣ» ይል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም አይሳሳትም። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ መንገድ ተዘጋ። በአንድ ወቅት መኪና ማቆሚያ ያጣው ሰፈር ጸጥ አለ፤ ጋራዥ የነበረው ቤት ሸቀጣ ሸቀጥ ሆነ፤ ከሾፌሮቹም ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ጅቡቲ መስመር አዞሩ። እኛ የቀድሞ ጎረቤቶች ከተበተንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ትዝታ ግን መርጦ ነው የሚነግረን፤ ያልመረጠውንም መናገር ያስፈልጋል። የእኛ ታላላቆች የ1966ን ረሀብ፣ እኛ ደግሞ የ1977ን አንረሳውም። ረሀቡ ከገጠሩ ነቅሎ ያመጣው ሰው በመንገዳችን ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከቤት ቤት ንፍሮ እየተቀቀለ ይወጣል፤ ልጆች በሰፌድ ይዘን እናከፋፍላለን፤ ማታ የሰጠኸው ሰው ጠዋት ላይነሣ ይችላል። ስለዚህ ነገር በጨዋታ መሃል ማንም አያነሣም፤ ከተነሣም አጭር ነው። ቅሬው ዘመድ ያልተገኘለትን ሬሳ ያነሣ ጀመር፤ ከመንገዳችን ታሪክ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

በቀይ ሽብርም እንዲሁ ዝም የተባሉ ቤቶች አሉ። በካርታው ላይ አንድ ቤት ሲደርስ ሁላችንም ብዕሩን ተቀባበልነው፤ ወይዘሮ ስሂን ይማር የነበረ፣ ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ ቤት ነው። በዚያ ዘመን በር ሁሉ ክፍት አልነበረም። ማታ ሰዓት እላፊ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚፈራበት፣ ቡና ላይ የሚወራው የሚመዘንበት ጊዜ መጥቶ ነበር። የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲያድል በአንድ ሰልፍ የቆሙ ሰዎች ዓይን ለዓይን የማይተያዩበት ቀን ነበር። ድሮ ሁሉ ማር ነበር የሚል ሰው ያን ቤት ከካርታው ላይ መዝለል ይኖርበታል።

የቅርቡም ቁስል አልሻረም። በ2014 ጥቅምት ማብቂያ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ሁለቱ ከተሞች ኅዳር መጨረሻ ላይ እስኪለቀቁ ድረስ አዲስ አበባ ያለነው ስልክ እየደወልን የማይነሣ ስልክ ስንሰማ ከረምን። ቀድሞ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ የነበረው የደሴ ሙዝየም ያኔ ተዘረፈ። በልጅነታችን በትምህርት ቤት ሰልፍ ገብተን ጋሻና ብራና ያየንበት ቤት ነው። የከተማ የጋራ ዕቃ እንዲህ በአንድ ወር ሊጠፋ መቻሉን ሳይ፣ በአንድ አሮጌ ካላንደር ጀርባ ላይ የተሣለውን ነገር አቅልዬ ማየት ተውኩ።

ዛሬ መንገዱን ወርዶ የሚያይ ሰው ከካርታው ጋር የሚገጥም ብዙ አያገኝም። የልብስ ሰፊው ቤት ባለ ብዙ ፎቅ ሆኗል፤ የሐጂ ግቢ ለወራሾች ተከፋፍሏል፤ በጭቃ ቤቶቹ ምትክ ብሎኬትና መስታወት ቆሟል። ደሴ ቀድሞ የክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ከዚያ በኋላ የዞን መቀመጫ ስትሆን የመንግሥት ሠራተኛው ብዙው ወጣ። በ1999 የተከፈተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ አዲስ ሰው አስገባ፤ በ2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከየወረዳው ወጣት ሴቶችን ወደ ኮምቦልቻ አመጣ። መንገዱ ሰው አላጣም፤ እንዲያውም ከድሮው ይበዛል። የተቀየረው በሩ ነው። ብረት በር ቆመ፤ ደወል ተገጠመ፤ ጎረቤት ከመምጣቱ በፊት መደወል ነውር መሆኑ ቀረና አለመደወል ነውር ሆነ።

ይህ ሁሉ ጥፋት ነው አልልም። የቄሱን ልጅ «ያ ዘመን ይመለስልሽ?» ብላት «ከነወረፋው? አልፈልግም!» አለችኝ። ውሃ ከቤቷ ይቀዳል፤ ልጇ ሌሊት ጀሪካን አትጠብቅም። በሩ የተዘጋውም ሰው ስለከፋ አይደለም፤ ድሮ ጎረቤት የምንፈልገው ብዙው ለችግር ነበር። እሳት ስትጠፋ ፍም፣ ሞሰብ ሲጎድል እንጀራ፣ እናት ገበያ ስትወርድ ልጅ ጠባቂ። ችግሩ ሲቀል ሰውየውም ቀለለን። ችግሩ ሳያስገድደን የሰው ቤት መግባትን ግን ገና አልተማርንም።

ስለዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይም ቢሆን ልጅ ለሚያሳድግ ሰው የምለው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ ነገ የሚያስታውሰው ቤት እንዲኖረው ዛሬ የሰው ቤት መግባት አለበት። በዓል ሲመጣ ሳህኑ ላይ ክዳን ደፍታችሁ እሱን ላኩት፤ የጎረቤት ፆም መቼ እንደሚገባ ይወቅ፤ ከማን ጋር ምን እንደማይበላ ይወቅ፣ ምን አብሮ እንደሚበላም ይወቅ። ቡና ሲፈላ ስልክ አትደውሉ። ልጁ ደረጃውን ወርዶ በሩን ያንኳኳ፤ «ቡና ጠጡ ተብላችኋል» ይበል፤ እዚያው ትንሽ ቢቆይም አትቆጡት።